ሐሙስን የማይጠብቅ ብልቃጥ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ዛሬ አሥራ ስምንት ሕፃን ከተብኩ። አንድ የቲቢ ክትባት ብልቃጥ ለሃያ ልጅ ይበቃል፤ አንዴ ተከፍቶ ከተበጠበጠ ግን ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው፣ የተረፈው ይጣላል። ለዚህ ነው ሁሉንም ሐሙስ የምቀጥረው። ከቀራንዮ እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር እንደኔ ብልቃጥ የማታባክን ነርስ ካለች ትምጣና እንይ!

ማክሰኞ ዕለት አንዷ አራስ ልጇን ይዛ ከሳንሱሲ መጥታ "ሐሙስ ነይ" ብያት ነበር። አልመጣችም። ትመጣለች...

ወንድሜ ያደሳ አሁንም ይስላል። ሦስተኛ ሳምንቱ። "ብርድ ነው ባክሽ፣ የታክሲዬ መስኮት አልዘጋ ብሎ ነው" ይላል። እኔም ዝም አልኩ። በልጅነቱ ተከትቧል፣ ጠባሳው ክንዱ ላይ አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አክታው ላይ ቲቢ ተገኘ። የእኔ ወንድም! እኔ ነርሷ ጠባሳ አምኜ ዝም ያልኩት...

ልጁ ራዕይ ገና ሦስት ወሯ ነው። ማታ ማታ እሱ ደረት ላይ ነው የምትተኛው። ምን ይዋጠኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ዶክተር ማራኪ ላይ ጮህኩባቸው። "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን እየወጋሁ ነው?"

አልተቆጡም። "ሲስተር ኤቢሴ፣ ክትባቱ አዋቂን ከሳምባ ቲቢ ብዙም አያስጥልም። ጉልበቱ ሕፃናት ላይ ነው። ጭንቅላት ውስጥ የሚገባውን፣ በመላ ሰውነት የሚሠራጨውን፣ ገዳዩን ማለት ነው። እሱንም ቢሆን መቶ በመቶ አይደለም። ሕፃኗ መቼ ተከተበች?"

"በተወለደች በማግስቱ። ሐሙስ ስለነበር..."

ዓርብ ብትወለድስ ኖሮ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ራዕይ ምንም አልተገኘባትም! ራጅ ተነሳች፣ ተመረመረች፣ ንጹሕ። ክትባቱን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይቻልም ተብሎ ለሦስት ወር መከላከያ መድኃኒት ጀመረች። እናቷ እጄን ይዛ "ባንቺ እጅ ነው የተከተበችው" አለችኝ። ኮራሁ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ።

"ሐሙስ ነይ" ያልኳቸውን ሁሉ ስማቸውንና ስልካቸውን ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ዛሬ ቆጠርኳቸው። ስድስቱ አልተመለሱም። ስድስት ልጅ! ብልቃጥ አላባክንም እያልኩ...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

አምስቱን አገኘኋቸው። የሳንሱሲዋ ዙቤዳ ስልክ አይሠራም።

ሰኞ፣ ጥር 25

ራዕይ መድኃኒቷን ጨረሰች። ጉንጯ ሞልቷል። ያደሳ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል፣ ግን ሳሉ ጠፍቷል። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ተነሥቶ፣ "ሁለት ሳምንት የሳላችሁ ብርድ ነው አትበሉ፣ ተመርመሩ" አለ። እኔ ነኝ ከጎኑ ያለቀስኩት።

ዛሬ ደግሞ ዙቤዳ መጣች! በስንት ጎረቤት አስጠይቄ። ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

"ሲስተር፣ ሰኞ ነው ለካ... ሐሙስ ልመለስ?"

"ቁጭ በይ" አልኳት።

ብልቃጡን ከፈትኩ። ለአንድ ልጅ። ስወጋው ጩኸቱ ግቢውን አናወጠው። ለእናቱም እውነቱን ነገርኳት፣ ከክፉው ይጠብቀዋል፣ ቤት ውስጥ የሚስል ሰው ካለ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ አምጪው።

እስከ ከሰዓት ጠበቅኩ። ሌላ ሕፃን አልመጣም። የአሥራ ዘጠኝ ልጅ ክትባት በገዛ እጄ ጣልኩ። በሥራዬ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።