ለሐኪሟ ያልነገርኳት እርግዝና

ማክሰኞ

ዋሸሁ። ሐኪሟ ዓይን ዓይኔን እያየች «ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ «ኖ» አልኳት። ሳምሶን አጠገቤ ተቀምጧል። ባሌ ነው፤ ከተጋባን አራት ዓመታችን፣ ልጅ ግን አልመጣልንም። ምን ልበል?

ሌላው ሁሉ ደህና ነው አለች። ሆርሞኔ፣ ቱቦዎቼ፣ የሱም ምርመራ። ለማየት የቀረው ድብቅ ኢንፌክሽን ነው። ሳያምም፣ ሳያተኩስ፣ ማህፀን ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ለክላሚዲያና ለመሳሰሉት የአባላዘር በሽታዎች በጥጥ ናሙና ወሰደች። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ከማህፀኔ ግድግዳ ትንሽ ቆንጥራ አወጣች። ባዮፕሲ ይሉታል። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብላኝ ነበር። የሳምሶንን ጣቶች ልሰብራቸው ምንም አልቀረኝም።

ረቡዕ

ሆዴን እየቆረጠኝ ሥራ ገባሁ። ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ የሚባል ሰፈር፣ ጸጉር ቤት ነው የምሠራው። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ነው። ሹሩባ ስሠራላት በመስታወቱ እያየችኝ «አንቺስ? መቼ ነው?» አለች። «እግዜር ሲፈቅድ» አልኩ። ሁለት ጊዜ መስመር ስቼ ፈታሁ፣ እንደገና ጀመርኩ።

የሚያብሰለስለኝ፦
ውጤትና መልእክት የሚታይበትን የክሊኒኩን ፖርታል የሚከፍተው ሳምሶን ነው። ፓስወርዱንም ያወጣው እሱ ነው።
እውነቱን ብጽፍላቸው ያነበዋል።
ባልጽፍላቸው የምርመራው ትርጉም ምኑ ላይ ነው?

ሐሙስ

ሳምሶን ከሥራ ደወለ። «የጥጡ ውጤት መጣ! ሁሉም ኔጋቲቭ!» ድምፁ በደስታ ይጮኻል። እኔም «ተመስገን» አልኩ። የባዮፕሲው ግን ገና ነው።

እዚህ ልጻፈው፤ እዚህ ማንም አያነበውም። ናይሮቢ፣ ስደት ላይ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ጽንሱ ወረደ። ያስረገዘኝ ሰው ቀድሞኝ ወደ ሌላ አገር ሄዷል፣ ስልኩም ተዘግቷል። አንድ ትንሽ ክሊኒክ ማህፀኔን ጠረጉኝና በዚያው ቀን ሸኙኝ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ትኩሳት። ሲተወኝ፣ ዳንኩ ብዬ ዘጋሁት።

ዓርብ

በምሳ ሰዓት መኪና ውስጥ ሆኜ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ነርሷ ትልቅ ሴት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። «ሃኒ፣ እንኳን ነገርሽን» አለች። «ለዶክተሯ ይጠቅማታል። ፋይልሽ ላይ እጽፈዋለሁ። እኛ ለባልሽ አንናገርም። አካውንትሽን የሚከፍት ከሆነ ግን ሊያየው ይችላል። ፓስወርዱን ቀይሪ።»

ስልኩን ዘግቼ ፖርታሉን ከፈትኩ። አዲሱን ፓስወርድ እስከ ግማሽ ጻፍኩ። አጠፋሁት። እስከ መቼ?

ቅዳሜ

አስቤዛ ልንገዛ ወጥተን፣ ፓርክ እንዳደረገ ነገርኩት። መጀመሪያ የመጣልኝ ቃል «ናይሮቢ» ነበር። ከዚያ ሌላው ተከታትሎ ወጣ። ሳምሶን መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«አራት ዓመት ሙሉ?» አለ።

ወርዶ ብቻውን ገብቶ ገዝቶ መጣ። ስኮትዴል ሰፈር ያለው ቤታችን ገብተን ከረጢቶቹን ፈታሁ። ሽንኩርቱን እንኳ ረስቶታል።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ወንድና ሴት ለየብቻ መቆማችን ዛሬ ጠቀመኝ። ምን እንደጸለይኩ አላውቅም። ዓይኔ እሱ ወዳለበት ይሄዳል።

ስንመለስ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ «ያን ጊዜ ማን ነበር አጠገብሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ትኩሳት ይዞሽ፣ ማንም?»

«ማንም።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጥሩምባ ነፉብን፤ አልነዳም። «የከፋኝ ማርገዝሽ አይደለም» አለ። «እኔን ፈርተሽ ሐኪምሽን መዋሸትሽ ነው። እኔ የሚፈራ ሰው ነኝ?» የፈራሁት ግን እውነት ነው።

ሰኞ

ሐኪሟ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረግኩት፤ ሳምሶን ዛሬ ሥራ አልገባም። የማህፀኔ ግድግዳ ላይ የቆየ ብግነት ተገኝቷል። አንቲባዮቲክ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ሌላ ናሙና።

«ከናይሮቢው ነው?» አልኳት።

«ከዚያ ይሁን ከሌላ፣ ማወቅ አይቻልም» አለች። «ላለማርገዝሽ ምክንያቱ ይሄ ብቻ ላይሆንም ይችላል። ግን የሚታከም ነገር ነው።»

መድኃኒቱን ሳምሶን አመጣው። ከወተት ጋር አይወሰድም፣ ከዋጡ በኋላ ወዲያው ጋደም ማለትም የለም። ዋጥኩ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ለዚያ ልጅ ስም አስበሽለት ነበር?» አለኝ።

አስቤለት ነበር። ነገርኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሳምሶን ስሙን ቀስ ብሎ ደገመው፤ እኔም አለቀስኩ። ዝም በይ አላለኝም።

መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ ገና አላውቅም። ምሳ አቀረበ፣ ጨርሼ በላሁ።