ቅቤ የገባበት ኤሌክትሮድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ጠዋት

አስቀድመህ ይህን ተረዳልኝ፣ ማስታወሻዬ። ሣጥኑ በሽታ አያድንም። መጠኑ የልብስ ሳሙና ያህል ነው። ወገብ ላይ ይታሰራል። ሁለት ሽቦ አለው፤ በየሽቦው ጫፍ ቆዳ ላይ የሚያርፍ ኤሌክትሮድ አለ። ጥቂት ኤሌክትሪክ ይልካል፣ ቆዳው ይነዝራል፣ ንዝረቱ ሕመሙን ያዘናጋዋል። ሥራው ይኸው ነው። ለባለቤቴ ለማርታ ግን ጋደም ብሎ መተኛት ማለት ነው።

አልማዝ ባለጭራ ቀኝ ጎኗን ይዟት ነበር። ቁስሉ ከዳነ ቆየ፤ ሕመሙ ግን እዚያው ሰፈረ። ቀሚስ ሲነካት ትጮኻለች። የምታድረው ወንበር ላይ ተደግፋ ነው።

ሣጥኑ ውሰት ነው። የአዲስ አበባው ዶ/ር በኅዳር መጨረሻ መልሱ ብለውናል፤ ከእኛው ከጌዴኦ አውራጃ አንዲት ሴት ተራ ትጠብቃለች። የማርታ ቆዳ ከተላጠ ደግሞ ቀኑን ሳንጠብቅ ማቆምና መመለስ ነው። አብረው የሰጡን ተለጣፊዎች አለቁ። የኤሌክትሮዱን ጎማ በፕላስተር አጣበቅሁላት። ዛሬ ባየው ቆዳዋ ሁለት ቦታ ቀልቷል።

ማርታ መልሰው አለችኝ። አልመልስም አልኩ። እስከ ምሳ ተኮራረፍን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

እርቅ ወረደ። ያስታረቀን የምስር ወጥ ነው።

ማርታ ጠረጴዛዬ ላይ የሳልኩትን የኤሌክትሮዱን ሥዕል በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየችው። ጎማ፣ ፕላስተር፣ ሽቦ፤ ሁሉም ባንድ ላይ የተጣበቀ። ጣቷን አሳረፈችበትና፣ "ትራስ ሲቆሽሽ ልብሱ ይወልቃል እንጂ ትራሱ ይጣላል እንዴ፣ መምህር?" አለችኝ።

ሥዕሉን ቀደድኩት። አዲሱ እንዲህ ነው፦ ሽቦውና ጫፉ ላይ ያለው ብረት ወገቧ ላይ በሚታሰር መቀነት ላይ ተሰፍተው ይቀራሉ። ቆዳ የሚነካው ጨርቅ ብቻ በየቀኑ ይወልቃል፣ ይቀየራል። ማገናኛው ሲጫኑት ጠቅ የሚል የልብስ ቁልፍ። ወንዱ መቀነቱ ላይ፣ ሴቷ ጨርቁ ላይ። መቀነቱ ራሱ ስለሚይዘው ፕላስተር የለም። ፕላስተር ከሌለ የሚላጥ ቆዳ የለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሳይንስ አስተማርኩ፤ ይህን የነገረችኝ አልጋ አንጣፊዬ ናት። (ይህን ካነበበች ጉድ ፈላ።)

ልብስ ሰፊው ከድር ዘንድ ሄድኩ። ናስ የሆነውን ቁልፍ ብቻ እንዲመርጥልኝ ጠየቅሁ፤ ጨርቁ በጨው ውኃ ስለሚርስ ሌላው ይዝጋል። ምክንያቱን ሳልነግረው ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ በጡረታ ደግሞ ገበያዬን ሊሻሙኝ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ። ከዕቃው ሥር ቆፍሮ አንድ እፍኝ ሰጠኝ፤ ለእትዬ ማርታ ምሕረት ያውርድ አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ደንቤ፦ በእኔ ክንድ ሳይሞከር በእርሷ ጎን አይገባም።

በጨው ውኃ የራሰ ጨርቅ። መጀመሪያ ጥሩ። ሲደርቅ እንደ ጉንዳን ይቆነጥጣል። እርጥበቱን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል።

የማርታ እህት ታደለች ከቡሌ ወረደች። በእግሯ፣ በዚያ ጭቃ፣ የእንሰት ቡላ ተሸክማ። ለእህቷ ገንፎ አበሰለች። ወጭቱ ላይ የቀረውን በማንኪያ ነካሁት። ተንቀጠቀጠ። ውኃውን አልለቀቀም! ማንኪያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ታደለች ያልበቃኝ መስሏት ጨመረችልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ቡላ፣ ውኃ፣ ጨው። ሌላ ምንም። ራሴ አበሰልኩ። አሳረርኩት። ሁለቱ እህትማማቾች ከበሩ ሆነው አሾፉብኝ። ሁለተኛው ተሳካ። ቀጭን አድርጌ ጨርቁ ላይ ቀባሁ። ቀዝቅዞ ረጋ። ክንዴ ላይ አሰርኩ። እስኪመሽ አልደረቀም፣ አልቆነጠጠም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከሰዓት በኋላ

ከቀላው ቦታ ዝቅ አድርጌ አሰርኩላት። የሣጥኑን ቁጥር ቀስ ብዬ ከፍ አደረግሁ። ሦስት ላይ በቃ አለች። ከዚያ አልጋው ላይ በጎኗ ጋደም አለች።

ተኝታለች። ይህን የምጽፈው በጓሮ ነው፤ እርሳሴ ይሰማታል ብዬ ስለፈራሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከሸፈ።

ትናንት የቀበሌ ስብሰባ ነበረ፤ ታደለች እኔን ለማሳረፍ አዲሱን ቡላ ራሷ አበሰለች። ዛሬ አሰርኩላት። ሦስት፣ ምንም። አምስት፣ ምንም። ስምንት ላይ እንኳ ምንም። የባትሪ ድንጋይ ቀየርኩ። ሽቦውን ፈትቼ እንደገና በየድኩ። ቁልፎቹን በአሸዋ ወረቀት አሸሁ። ምንም። ሣጥኑ ተበላሽቶ ይሆን? የሰው ዕቃ! ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ዋልኩ።

ማርታ መቀነቱን አጣጥፋ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ ለመንገድ እንደተዘጋጀ ዕቃ። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከኩርፊያው ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ድመቷ!

ጠዋት መቀነቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትልሳለች። ድመት ጨው ብቻ ፍለጋ እንዲህ አትተጋም። አንዱን ጨርቅ አሸተትኩ። ኮረሪማ። ኮሰረት። ቅቤ!

ታደለችን ጠራኋት። ቅቤ ጨምረሻል ወይ? ጨምሬያለሁ አለች፣ ያለ አንዳች ኀፍረት። ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም አልኩ። "እና ጋሼ፣ ለታመመ ሰው ደረቅ ቡላ ይሰጣል? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?" መብል አይደለም አልኩ። "ቆዳ ቢሆንስ? ቆዳ ቅቤ አይወድም?"

ማርታ ሳቀች። ጎኗን ይዛ፣ "አታስቁኝ፣ ያመኛል፣ አታስቁኝ" እያለች። እምባዋ ወረደ። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም። ታደለችን ልቆጣት አስቤ ነበር። እኔም ተቀመጥኩና ሳቅሁ።

ቅቤ የሌለው አዲስ በሰለ። ሦስት ላይ፣ በቃ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ቅላቱ ጠፋ። ቆዳዋ ደህና። በየቀኑ ጨርቁ ይወልቃል፣ ይቀቀላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በቀሚሷ ላይ ነጠላ ደርባ ከእኔ ጋር እስከ ገበያ ሄዳ ተመለሰች። ከድር ከሱቁ ወጥቶ አየኝና በጣቱ ጠቅ አደረገ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የመመለሻው ቀን እየቀረበ ነው። ዶ/ሩን ቀን እንዲጨምሩልን ልለምን ወረቀት አወጣሁ። ማርታ አልወደደችውም። ያቺ ተራ የምትጠብቀው ሴትዮስ? እርሷም ወንበር ላይ አይደል የምታድረው? አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ፤ ስለዚያች ሴት ማሰብ አልፈለግሁም ነበር።

ያን ወረቀት ተውኩት። ሌላ ጀመርኩ፤ እርሷ እየነገረችኝ። ረቂቁን እዚህ አኖራለሁ። ነገ በአውቶቡስ ይሄዳል።

"ክቡር ዶ/ር፦ ቆዳዋ አልቆሰለም። ሦስት ጨርቅና አንድ ቁልፍ ልኬያለሁ፤ አሠራሩ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ተጽፏል። ቅቤ አይግባበት። ሣጥኑ አንድ ነው፤ ቆዳ የሚነካው ግን ለየሰው የራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፈቃድዎ ከሆነ ተራ የምትጠብቀውን ሴት ወደ ዲላ፣ ወደ ቤታችን ይላኩልን። ጠዋት እርሷ፣ ከሰዓት ባለቤቴ። ማደሪያ አለን። ባለቤቴ የሴትዮዋን ጨርቆች ሰፍታ ጨርሳለች፤ መቀነቱ ላይ ደርሳ መቀስ ይዛ ተቀምጣለች። የሴትዮዋን የወገብ ልክ ይጻፉልን፤ እባክዎ መልሱን ቶሎ ይላኩ።"