ጉድጓዱ ይቆየን፣ ማህተሙን ግን ለሐሙስ

ለአቀበትና ቁልቁለት መንገዶች ክትትል ዴስክ
ለክቡር አቶ መዝገቡ፣ የዴስኩ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለ በፈገግታ ለሚመልሰኝ የበር ጥበቃ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ጤና ስል ወገብን፣ ጉልበትን፣ በተለይም ኩላሊትን ማለቴ ነው። ኩላሊቱን የታመመ ሰው እርስዎ በሚከታተሉት መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እግዚአብሔር ከደጅዎ ያርቅልዎ። ክረምቱንም በቢሮዎ መስኮት በኩል እያዩት በሰላም ያሳልፍዎት።

ሙሉመቤት እባላለሁ፤ የላፍቶ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ አቶ ላቀው ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወደሚገኝ የእጥበት ክፍል የማደርሰው እኔ ነኝ። ድሮ የሚነዳው እሱ ነበር፤ እሱ ሲደክም እኔ በስተርጅና መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። መኪናችንም ከእኛ ጋር ያረጀች ናት። ቶሎ ትግላለች፣ ለመብረድ ግን ጊዜ ትወስዳለች፤ በዚህ ጠባይዋ ከእኔ የተማረች ትመስላለች። ይህን የምነግርዎ ቀጥሎ የማቀርበው ምስጋና ከምን ዓይነት ሰው እንደመጣ እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጉድጓዱ አመሰግናለሁ። ከላፍቶ ተነስቶ ወንዙን ተሻግሮ ወደ መካኒሳ አቦ በሚወጣው አቀበት ወገብ ላይ፣ ከወይዘሮ ከድጃ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሠራተኞችዎ የውሃ መውረጃውን ክዳን ለጥገና ካነሱ በኋላ «ነገ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ። እነሱ ባይመለሱም ጉድጓዱ ቃሉን አክብሮ እዚያው እየጠበቃቸው ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ የሚውጥ ነበር፤ ዝናቡ ጠርዙን እየበላለት ዛሬ የመንገዱን እኩሌታ ወርሷል። ስለዚህ ወጪውና ወራጁ በየተራ ማለፍ አለበት፤ ወጪው ደግሞ ተራ የሚጠብቀው አቀበቱ መሐል ቆሞ ነው። ምናልባት እርስዎን ሹፌር ስለሚያመላልስዎ አይታወቅዎት ይሆናል እንጂ፣ አቀበት መሐል የቆመ አሮጌ መኪና እንደ ተኳረፈ ሽማግሌ ነው፤ ለማስነሳት ብዙ ልመና ይጠይቃል፤ በልመናው መካከልም ወደኋላ ይንሸራተታል፣ ከዚያም ይፈላል።

ሁለተኛ፣ ስለሰጡኝ ነፃ ሥልጠና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የማሽከርከር ትምህርት ቤቱ የመንገድ ምልክቶችን ሁሉ አስተምሮኝ ነበር፤ ምልክት በሌለበት መንገድ መንዳትን ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት። ከፊቴ ያለው መኪና ጉድጓዱን እስኪያልፍ ድረስ ከታች፣ ከድልድዩ አጠገብ ሜዳው ላይ ራቅ ብዬ መጠበቅን ተማርኩ፤ ተጠግቼ ብከተል አቀበቱ ላይ መቆሜ አይቀርምና። በአንደኛ ማርሽ ሳልቸኩል መውጣትን፣ መቆም ግድ ሲሆንም መኪናዋን በፍሪሲዮን ከማንጠልጠል የእጅ ፍሬን መያዝን ተማርኩ። ዶፍ ሲወርድ ረጅሙ መብራት ዝናቡን እንጂ መንገዱን እንደማያሳይ፣ ጥልቀቱን የማላውቀው ውሃ ውስጥም ጎማ እንደማይነከር አወቅኩ። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ወደ ቀዩ ስትጠጋ ደግሞ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ማሞቂያው ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ስቦ ወደ እኛ ስለሚያመጣው ሞተሩ እፎይ ይላል፣ እኛ እንቀቀላለን። ላቀው ካፖርቱን እያወለቀ «ሙሉ፣ ዛሬ ወደ ሐኪም ነው ወይስ ወደ ሶደሬ የምትወስጂኝ?» ይለኛል። ይለኝ ነበር ብል ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ከታች ይደርሱበታል።

ከትምህርቶቹ ሁሉ የከበደው የመጨረሻው ነው፤ የፈላ ራዲያተር ክዳኑ ሳይበርድ አይከፈትም። ይህንን ተማሪዎቼ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ እንዲያጠኑት ባደርግ ደስ ባለኝ።

ሦስተኛ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ስላሳዩት ተቆርቋሪነት አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት በአገራችን መንገድ ላይ አደጋ ሲኖር ቅጠል ማድረግ ደንብ ነው፤ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን የያዘ ሹፌር እንኳ ለማንኛውም ብሎ ቅጠሉን ያስቀድማል። ወይዘሮ ከድጃም ልጅ እንዳይገባበት፣ ሹፌርም እንዳይሳሳት ብላ ከአጥሯ የኮርች ቅርንጫፍ ቆርጣ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመችበት። ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ኮርች ለአጥር የሚመረጠው ቆርጠው ሲተክሉት ስለሚይዝ ነው፤ እንኳን ጭቃ አግኝቶ እንዲሁም አይሞት። እኛ ለጥቂት ቀን ብለን ያቆምነው ቅርንጫፍ በእርስዎ ትዕግሥት ተደፋፍሮ ሥር ሰደደ፣ አቆጠቆጠ፣ ሁለት ክረምት ጠጥቶ ዛፍ ሆነ። ታክሲዎቹም «ኮርቿ ጋ ወራጅ አለ» የሚባልበት ፌርማታ አደረጉት። እውነቴን ነው የምልዎ፣ ወደድነው። በዚያ መንገድ ላይ ያለ ብቸኛው የማይዋሽ ምልክት እሱ ነበር።

እኔም ዛፉን ወድጄ ጉድጓዱን ስላልወደድኩት ማመልከቻ አስገባሁ። ቢሮዎ በሰጠኝ መልስ፣ በቦታው ላይ የበቀለ ዛፍ መኖሩ በባለሙያ ስለተረጋገጠ፣ ዛፉን ለማንሳት ከሚመለከተው አካል ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ ጉድጓዱን መድፈን እንደማይቻል አስረድቶኛል። ጉድጓዱ ስላልተደፈነ ዛፉ በቀለ፤ ዛፉ ስለበቀለ ጉድጓዱ አይደፈንም። ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ የተሟላ መልስ የጻፈልኝ ተማሪ አልገጠመኝም።

አራተኛ፣ ፈቃዱ ስለመጣ አመሰግናለሁ። በሐምሌ ውስጥ በዚያ መንገድ የሚያልፉ የተከበሩ እንግዶች እንዳሉ ተሰማና ሠራተኞችዎ በማለዳ ደረሱ። ዛፉን ከሥሩ ቆረጡት፣ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ጥቁርና ነጭ ቀለም ቀቡት፣ መሣሪያቸውን ጭነው ሊሄዱ ሲሉ ከድጃ ከሱቋ ወጥታ «እሱስ?» ብላ ጉድጓዱን አሳየቻቸው። አለቃቸው በጨዋ ደንብ «እናቴ፣ እኛ የተላክነው ለዛፉ ነው፤ ጉድጓዱ የሌላ ክፍል ነው» አላት። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ እንደሚባለው፣ ያ መንገድ በበጋውም አላማረበት፤ በዚያው ቀን ደግሞ ዘነበና ጉድጓዱ አፉ ድረስ ሞልቶ ማንም የማይፈራው ኩሬ መሰለ። ከድጃ እንደገና የመጥረጊያ እንጨት ላይ ቀይ ፌስታል አስራ አቆመችበት። ደንብ አስከባሪዎች የአካባቢውን ገጽታ ያበላሻል ብለው ነቅለው ወሰዱት። እንግዶቹ በመጨረሻ በሌላ መንገድ አለፉ።

አምስተኛ፣ ስላለፈው ሐሙስ። እዚህ ላይ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቸግሮኛል።

ያን ዕለት ጠዋት ዶፍ ይወርድ ነበር። ድልድዩ አጠገብ እንደ ልማዴ ቆሜ፣ ከፊቴ አሸዋ የጫነ መኪና ሲወጣ ጠብቄ፣ መንገዱ ነፃ ይሆናል ባልኩበት ሰዓት ተነሳሁ። የአሸዋው ሹፌር ለሰፈሩ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛፍ የሌለበትን ኩሬ እንደ ኩሬ ቆጥሮ ገባበት። የፊት ጎማው ሲዋጥ እኔ አቀበቱ ላይ ደርሻለሁ፤ ከኋላዬ ደግሞ ታክሲዎች ጡሩምባቸውን እየነፉ ተደርድረዋል። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፤ ደግ ሰዎች ዝናብ እየደበደባቸው ከጎማዬ ሥር ድንጋይ አስገቡልኝ። ማሞቂያውን ከፈትኩ፤ መስታወቱ በትንፋሻችን ደመነ፤ ቀስቷ ግን ልመናዬን አልሰማችም። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ሲወጣ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

በእኛ አገር መኪናው የፈላበት ሰው ብቻውን አይቀርም፤ ይህ ደግነታችን ነው፤ ጥፋታችንም ነው። ኮፈኑ ገና ከመከፈቱ መንገደኛው ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ ከከድጃ ሱቅ በጄሪካን ውሃ አመጣ፣ ሌላው «ክዳኑን ክፈቱት፣ ይተንፍስ!» ይላል። ሳይበርድ አይከፈትም እያልኩ ከፊታቸው ብቆምም ማን ይስማኝ። አንድ ትሑት ጎልማሳ «እማማ፣ ዝናብ አይምታዎ፣ እርስዎ ውስጥ ይግቡ» ብሎኝ እጁን በጃኬቱ ጠቅልሎ ክዳኑን ያዘ። እጁን ልመልስ እጄን ሰደድኩ። ክዳኑ ተፈናጠረ፤ የፈላው ውሃ ከቀኝ እጄ ጣቶች እስከ ክርኔ ወረደ። ሰውየው አልተነካም፤ እሱንም አልወቅሰውም፣ ሊረዳኝ ነበር የመጣው። ከድጃ እያለቀሰች ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስብኝ ቆየች።

ላቀው ይህን ሁሉ የደመነውን መስታወት በእጁ እየጠረገ ከውስጥ ያይ ነበር። አቀበቱ ተከፍቶ ብስራተ ገብርኤል እስክንደርስ የእሱ ተራ አልፎ፣ ማሽኑን ሌላ ሰው ይዞታል። ሰኞ ጠዋት ካፖርቱን ይዤለት ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «አንቺ እየተቀቀልሽ እኔ አልታጠብም። ይብቃኝ» አለኝ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው አይቆጠርም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። እግሩ አብጧል፤ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ሲሄድ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሐኪሙን ደውዬ ጠይቄዋለሁ፤ የነገረኝን እዚህ ልጽፈው አልፈልግም። ልጆቻችን ለመኑት፣ የነፍስ አባታችን መጥተው ገሠጹት፣ አልሰማም። በቀለበት መንገድ ዞሬ ልውሰድህ አልኩት፤ መጨናነቁ ውስጥ መኪናዋ ፈልታ የቀረንበትን ቀን አስታወሰኝ። በታክሲ እንሂድ ስለው «ደግሞ የሰው ልጅ ልማግድ?» አለኝ። ላቀው ከታመመ ጀምሮ የሚፈራው ሸክም መሆንን እንጂ ሞትን አይደለም። እኔ ግን ሞቱን እፈራለሁ፤ በጣም እፈራለሁ።

በመጨረሻ ትናንት ማታ አንድ ነገር ተናገረ። «መንገዱ እንደሚሠራ በጽሑፍ አሳዪኝ፣ ያኔ እሄዳለሁ» አለ። ክቡር ሆይ፣ ላቀው ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያረቅቅ የኖረ ሰው ነው። ሰው ቢምልለት አያምንም፤ ክብ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ሲያይ ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ተነስቶ ቆሞ ያነባል።

ስለዚህ የምለምንዎ ጉድጓዱን እንዲደፍኑልኝ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት የለኝም። የምለምንዎ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ይዘቱ እውነት መሆን አያስፈልገውም፤ በዚህ በኩል ቢሮዎን አላስቸግርም። «በቅርቡ» የሚለውን ቃል ብቻ ይተዉልኝ፤ ላቀው ራሱ ሲጽፈው ስለኖረ ትርጉሙን ያውቀዋል። ቀን ይቁረጡለት። ወጪ ቁጥር ይኑረው፤ ቲተርዎ ይረፍበት፤ ክብ ማህተሙም የፊርማውን ጫፍ ይንካ፤ እነዚህን አንድ በአንድ ይመለከታል። እኔ ልጆችን አትዋሹ እያልኩ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ዛሬ ግን በማህተም የተደገፈ ውሸት ደጅዎ ቆሜ እለምናለሁ፤ ባሌ እንዲኖርልኝ እፈልጋለሁና። እስከ ነገ ማታ ከደረሰልኝ ሐሙስ ጠዋት ካፖርቱን ይለብሳል። የቀረውን ለእኔ ይተዉት፤ ጉድጓዱን አውቀዋለሁ፣ በአንድ እጄም ቢሆን እዞረዋለሁ።

የስብሰባ አዳራሽዎ ነፋሻ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ መኪናዎ የማይፈላ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ለመንገዳችን ስላሳዩት ጽኑ ትዕግሥት ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እነሳለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በግራ እጄ ስለሆነ ስለ ፊደሎቼ መጣመም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
ሙሉመቤት
ከላፍቶ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ከድጃ ሱቅ፣ በሩ ላይ እንዲለጠፍ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን የሚያመጣው ባልደረባዎ ዝናብ ከሆነ በእግሩ ይምጣ። ምናልባት ማህተም ያዡ ፈቃድ ላይ ሆኖ ደብዳቤው የማይቻል ከሆነ ደግሞ፣ ጉድጓዱን ብትደፍኑትም አንቀየምም፤ ላቀው የተደፈነ ጉድጓድ ያለ ማህተምም ያምናል።