ጆሯቸውን የሰጡኝ አሠሪዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የአባዬ ሳልስ ተወው? ታናሼስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔን ከጠየቃችሁ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ።

«ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ሰው ትበሳለች ልበል?» ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ዛሬ ስለ አሠሪዬ ላጫውትሽ። ደንበኞቻቸው በመርፌያቸው የተነሳ «ንቢት» ይሏቸዋል። የጆሮ መብሻ ሱቃቸው ከሁለት ወንበር አይበልጥም፤ ንጽሕናው ግን ጫማ ያስወልቃል። አንድ መርፌ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሽጉን ደንበኛው እያየ ይከፍቱታል፤ ሲጨርሱ ክዳን ባለው ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ይጥሉታል። የጆሮ ጌጡም በእንፋሎት ማሽን ተቀቅሎ፣ በደንብ መቀቀሉን የምታሳየው እሽጉ ላይ ያለች ምልክት ቀለሟን ካልቀየረች ንክች አያደርጉትም።

ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ወር አንዲት እናት ልጇን ልታስበሳ ወደ ሠርግ እየቸኮለች መጣች። ትሪውን ያሰናዳሁት እኔ ነበርኩ። ጓንት አጥልቄ የመሳቢያውን እጀታ ነካሁና በዚያው እጄ ጌጡን አነሳሁ። ማንም አላየኝም። እሳቸው መርፌውን ሊያነሱ ሲሉ ግን «እትዬ፣ ጌጡን በቆሸሸ ጓንት ነክቼዋለሁ» አልኳቸው። ሳይቆጡኝ ትሪውን እንዳለ አነሱት። ለእናትየዋም «እንደገና መቀቀል አለበት፤ አንድ ሰዓት ይጠብቁን» አሏት። እሷ ግን «ለአንዲት ጆሮ ይህ ሁሉ?» ብላ ልጇን እየጎተተች ወጣች። እኔም በልቤ ጓዜን ጠቀለልኩ። እሳቸው ሻይ እየቀዱልኝ፣ «ጓንት ይቀየራል። ዝም ብትይ ኖሮ የምቀይረው አንቺን ነበር» አሉኝ።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ፣ ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና «እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ። «የደንበኛ ጆሮ መለማመጃ አይደለም፤ በእኔ ጀምሪ።» ታጥቤ ጓንት አጠለቅሁ፤ ጆሯቸውን በመድኃኒት ጠርጌ እስኪደርቅ ጠበቅሁና በቀለም ነጥብ አደረግሁበት። አዲስ መርፌ ከእሽጉ አወጣሁ። «መንቀጥቀጥሽን ጨርሺና ጀምሪ፤ የምሄድበት የለኝም» አሉ። በሳኋቸው። በመስታወት ደጋግመው ካዩት በኋላ ያሉት «ቀጥ ብሏል» ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ በንጹሕ የጨው ውሃ ያጥቡታል እንጂ አይነካኩትም፣ አያዞሩትም። እኔም እንደ አራስ ጠያቂ በየቀኑ «አበጠብዎት? ያቃጥልዎታል?» እያልኩ ሳስቸግራቸው ከረምኩ። አላበጠም፣ አልመገለም። ትላንት አንዲት ደንበኛ ማን እንደበሳቸው ብትጠይቃቸው «ልጄ ናታ» አሉ። እንዳትቀኚ እንግዲህ፣ እማዬ። ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ንጹሑን ትሪ ስወለውል ቆየሁ።

አባዬን ጉልበቱን፣ ታናሼን ግንባሯን ሳሚልኝ። አክስቴንም፣ ያችን ነገረኛ፣ ሁለቱንም ጉንጯን። አያቴ ምርቃታቸውን አያጓድሉብኝ። አንቺን አምላክ እስክንገናኝ በጤና ያቆይልኝ።

ታላቋ ልጅሽ
ከሱቁ የኋላ ክፍል፣ ኅዳር 9 ቀን