የሚኒስትር ዴኤታዋ የአክስት ልጅ

ሃርልስደን፣ ለንደን
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዊጅዳን፤

አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ። ሰላምታዬ ደብሊን ቤትሽ ድረስ ይግባልሽ፤ ባልሽን ቤንጃሚንንም ሰላም በይልኝ። «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። እናትሽ ሰቢሃም ደህና አይደለችም። ታማ አይደለም። ትሰግዳለች፣ ትንሽ ትበላለች፣ ቤቱን ታጸዳለች፣ ግን አትናገርም።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። እኔ ስደውል ያቺ ጸሐፊሽ ታነሳና «ሚኒስትሯ ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች። አንቺ ስትደውዪ ደግሞ መኪና ውስጥ ነሽ፣ አጠገብሽ ሰው አለ፣ በአማርኛ ስጠይቅሽ በእንግሊዝኛ ትመልሺልኛለሽ። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ማንበቡን እንዳልረሳሽው አውቃለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምነዳውን ባስ አቁሜ ስመለስ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

የአክስትሽን ልጅ፣ ተውፊቅን፣ ቀብረነዋል። ሰዉ አልተወንም፣ አላህ ይስጣቸው፤ ከየሰፈሩ፣ ከስቶክዌልም ከአርችዌይም መጥተው ቤቱን ሞሉት። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚያው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ሰዉ «አላህ ጀነት ይስጠው» ብሎ እጄን ይጨብጥና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅዎ ሙሉ ሚኒስትር ልትሆን ነው አሉ፣ እንኳን ደስ አለዎት» ይለኛል። እኔ ለሁለቱም «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። እናትሽ ከሴቶቹ መሀል ሆና ትሰማኝ ነበር።

ከየት እንደተነሳሽ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ያ የድሮው ፍላታችን ግድግዳው ሻጋታ አውጥቶ አንቺን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስልሽ፣ ቤቱን ያከራየን ካውንስል፣ ማዘጋጃው ጋ ብንደውል የሚሰማን ስናጣ፣ ጎረቤት የሰፈሩ ተመራጭ በቤተ መጻሕፍቱ ሰው ታነጋግራለች ብሎን የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል? ሚስስ ዶላን፣ በወጣትነቷ ከአየርላንድ የመጣች፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴትዮ። እኔ የባስ ሾፌር እንግሊዝኛዬን ስፈልግ አንቺ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምሽን እንደለበስሽ ቀደም አልሽና ሁሉንም ነገርሻት። እሷ ስልኩን አነሳች፣ ደወለች፣ ወዲያው አነሱላት። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዘሽ «አባዬ፣ እኔም ስደውል የሚያነሱልኝ ሴትዮ ነው የምሆነው» አልሽኝ። ለእናትሽ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ዱዓ አደረገችልሽ።

ደብሊን ሕግ ልትማሪ ስትሄጂ፣ የሚስስ ዶላን አገር ነው ብዬ ነው ልቤ የፈቀደው። እዚያው ቀረሽ፣ አገባሽ፣ ዜግነታቸውን ወሰድሽ። መጀመሪያ ለከተማው ምክር ቤት የተወዳደርሽ ጊዜ ተሸነፍሽ። አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ «ወደመጣሽበት ሂጂ» ሲልሽ «የመጣሁት ከሃርልስደን ነው፣ ባቡሩ ዘገየ» ብለሽ መልሰሽለት ወረቀትሽን ትተሽለት እንደሄድሽ ቤንጃሚን እየሳቀ ነግሮኛል። በሁለተኛው አሸነፍሽ። ፓርላማ የገባሽ ዕለት እኔና እናትሽ ፎቅ ላይ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጠን፣ ተነስተሽ ስለ እኔ ተናገርሽ። አባቴ አህመዲን በአንዲት ሻንጣ ሂትሮ አየር ማረፊያ የደረሰ ስደተኛ ነው፤ አንዲት አየርላንዳዊት ሴት ስልክ አንስታለት ነው እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት አልሽ። ሰዉ ሁሉ ወደኛ ዞረ። እናትሽ እንግሊዝኛውን ሁሉ አልሰማችም፤ ግን ስሜን ሰምታ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ከዚያ ሚኒስትር ዴኤታ አደረጉሽ፤ የጥገኝነት ጠያቂዎቹን የማረፊያ ጉዳይ ለአንቺ ሰጡሽ። እኔ የዋሁ ደስ አለኝ። እነሱን የሚያውቅ ሰው አገኙ አልኩ። ሥራውን አንቺ ላይ የጣሉት ሌላው ሁሉ ስለሸሸው እንደሆነ፣ የአንቺን መልክ ከፊት ማቆሙ ለእነሱ እንደሚመቻቸው አክረም ሲነግረኝ ተቆጣሁት። አክረምን ታውቂዋለሽ፣ ባለ ሥጋ ቤቱን። አሁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

እንግዲህ ስለ ተውፊቅ። የምታውቂውን አውቀሽዋል፤ የማታውቂውን እኔ ልንገርሽ።

ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ የተውፊቅ ሱቅ ተቃጠለ። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በባሕር አድርጎ ፈረንሳይ ገባ። ከዚያ እኔ ጋ ለንደን መምጣት ይችል ነበር፤ ጓደኞቹ የመጡት ወደዚህ ነው። ደብሊንን የመረጠው አንቺ ስላለሽ ነው። ሲደርስ ማረፊያ ሞልቷል አሏቸውና እንደ ሌሎቹ ወንዶች በከተማው መሀል በሚያልፈው ቦይ ዳር ድንኳን ተከለ። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም ነበር። በስልክ «ቤት ሰጥተውኛል፣ ደህና ነኝ አጎቴ» ነበር የሚለኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ተውፊቅ ነው። በቤልፋስት በኩል በመርከብ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሲያስል ግድግዳ ይይዛል። እናትሽ አጥሚት ሠርታ ሰጠችው፣ ሁለት ጊዜ ጎንጨት አድርጎ አስቀመጠው።

«ዊጅዳንን አገኘሃት?» አልኩት።

«አግኝቻታለሁ። ሰው የምታነጋግርበት ቢሮዋ ሄጄ ወረፋ ይዤ ገባሁ።»

«ምን አለችህ?»

«በሩን ዘግታ አቀፈችኝ። አለቀሰች። ልጅ ሆና ኮምቦልቻ የመጣችበትን ክረምት አነሳችልኝ። ከዚያ 'ተውፊቅ፣ የአንተን ጉዳይ መንካት አልችልም' አለችኝ። ከነካችው ለዘመዷ ወረፋ አስቀደመች ይላሉ፤ እሷ ከተነሳች ደግሞ የሚተካት ሰው ለሁሉም የባሰ ነው።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ለሰላምታ ነው የመጣሁት አልኳት። እውነቴን ነው አጎቴ። ዘመድ መሆኔን እዚያ ላለ ሰው አንድም ቀን አልተናገርኩም።»

እናትሽ ወደ ኩሽና ገባች። እሱ የከፋኝ መስሎት ሊያጽናናኝ ጀመረ።

«ድንኳኖቹ የተነሱ ቀንም አይቻታለሁ» አለኝ። «ቢጫ ጃኬት ለብሳ ከካሜራዎቹ ፊት ቆማ ነበር። እኛ ባስ ልንገባ ተሰልፈናል። ወደኛ ዞር ስትል ኮፍያዬን ወደ ፊት ስቤ ፊቴን አዞርኩ።»

«ለምን?»

«እንዳትደነግጥ ነዋ። ሥራ ላይ ነበረች።»

ልጄ፣ ያንን ቀን እኔም አስታውሰዋለሁ። ቤንጃሚን ቪዲዮውን ልኮልን ከእናትሽ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠን አየነው። «ዛሬ ማንም እዚህ ውጭ አያድርም» ስትዪ እኔ ለእናትሽ ተረጎምኩላት፤ «አላህ ያበርታት» አለች። የተወሰዱበት ቦታ ከከተማ የራቀ ሜዳ ላይ የተተከለ ሌላ ድንኳን እንደሆነ ተውፊቅ ነው የነገረኝ። ሳሉ የጸናበት እዚያ ነው። ቦታውን ከመንግሥት በኮንትራት የያዘው ሰው ሐኪም ይመጣል እያለ አቆያቸው፤ ሐኪሙ ሳይመጣ ተውፊቅ ጥሎ ወጣ።

ሆስፒታል ይዤው የሄድኩት በዚያው ቀን ነው። ሳንባውን ነው የያዘው፣ ሕመሙ ወደ ደሙ ገብቷል አሉን። ዶክተሯ ወጣት ልጅ ናት፤ «ቀደም ብሎ መጥቶ ቢሆን» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። አፉ ላይ ያደረጉለትን ኦክስጅን ገለጥ አድርጎ «አጎቴ፣ እንዳይነግሯት» አለኝ። «ሲሻለኝ እኔ ራሴ እደውልላታለሁ።» ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረም። ሲያርፍ እጁ እጄ ውስጥ ነበረ።

ያን ዕለት ስደውልልሽ ራስሽ አነሳሽው። ነገርኩሽ። ከዚያ «አባዬ፣ የእኔ ዘመድ መሆኑን ለማን ነግራችኋል?» አልሽኝ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ይህን ነው። ቀጥሎ አልቅሰሻል፣ ሰምቼሻለሁ፤ ልቅሶሽ የውሸት አልነበረም። እመጣለሁ አልሽ። በማግስቱ ግን በስልኬ መልእክት መጣ፤ ፓርላማው ውስጥ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር አለ፣ ጋዜጠኞቹ ለንደን ምን ወሰዳት ይላሉ፣ ነገሩ በረድ ሲል ቀስ ብዬ እመጣለሁ የሚል። እናትሽ «ምን አለች?» ስትለኝ ስልኩን ሰጠኋት። አየችው፣ መለሰችልኝ።

እኔና አክረም አጠብነው። ጎኑ ላይ አጥንቱ ይቆጠራል። ያን ሁሉ በረሃ ያለፈ ልጅ እንዲህ ቀሎ ስናነሳው አክረም ፊቱን አዞረ። ቀብረን ከተመለስን በኋላ እናትሽ ያንን ቪዲዮ ከፈተችው። እያቆመች፣ እየመለሰች አየችው። ከትከሻሽ ኋላ፣ ከሰልፉ መጨረሻ አካባቢ፣ ኮፍያውን ወደ ፊት የሳበ ረጅም ልጅ አለ። ጣቷን እሱ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ከዚያ ጀምሮ ነው የማትናገረው። ጠዋት ጠዋት ስምሽን ልትሰማ የአየርላንድን ሬዲዮ በስልኳ ትከፍት ነበር። አሁን አትከፍትም።

አልፈርድብሽም። ደጋግሜ ከአንቺ ቦታ ሆኜ አስቤዋለሁ። ጉዳዩን ብትነኪው ኖሮ ስህተት ነበር፤ አንቺን ሲያባርሩሽ ድንኳኖቹን የሚያነሳ ሌላ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አንድም ሕግ አላፈረስሽም። እኔን የሚገድለኝ ይኸው ነው። አንቺ ያጠፋሽው ይህ ነው ብዬ ልቆጣሽ፣ ተቆጥቼ ይቅር ልልሽ ፈለግኩ፤ የምይዘው ነገር አጣሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር ይለኛል አክረም። ሌላው ሰው ግን የእኔ ልጅ አይደለም።

ሙሉ ሚኒስትር ሲያደርጉሽ ምን እንደምል አላውቅም። ትልቅ ሰው እንድትሆኚ አላህን ስለምን ነው የኖርኩት። በዱዓዬ ምን እየጠየቅኩ እንደነበር ግን አሁን ጠፍቶብኛል። ስሰግድ ወደ ዱዓው ስደርስ እጄን ዘርግቼ ቃል ያጥረኛል፤ ባዶውን ፊቴን አብሼ እነሳለሁ።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። እህቴ ሉባባ ከኮምቦልቻ ደውላለች። ልጇን በስልክ ነው የቀበረችው፤ ምን ለበሰ፣ ማን አጠበው፣ ማን ሰገደበት እያለች አንድ በአንድ ስትጠይቀኝ ቆየች። መጨረሻ ላይ «ዊጅዳንስ ደርሳ ነበር?» አለችኝ።

«ደርሳለች» አልኳት።

«ፊቱን አየችው?»

«ከፈኑ ሳይታሰር ግንባሩን ስማዋለች» አልኳት። «ከሰቢሃ ጋር ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች።»

ሉባባ «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን የእህቱ እጅ ነካው» አለች። ትንሽ እንደቀለላት ከድምፅዋ አወቅኩ። እናትሽ አጠገቤ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ።

አክስትሽ ስልክሽን ጠይቃኛለች፤ ልታመሰግንሽ ነው። ሰጥቻታለሁ። ስትደውል ጸሐፊሽ እንዳታነሳው ንገሪያት። ግንባሩ ቀዝቃዛ ነበር በያት። ፊቱ ላይ ሥቃይ አልነበረም በያት፤ እኔ አይቻለሁ፣ አልነበረም። ቀኑስ እንዴት ነበር ብላ ከጠየቀችሽ፣ ሲዘንብ ነው የዋለው በያት። እሱ እውነት ነው።

አላህ ከክፉ ሰው ይጠብቅሽ፤ ልብሽንም ከራስሽ ይጠብቅልሽ። ያሳደገሽ ጌታ ብቻሽን አይተውሽ።

አባትሽ
አህመዲን