ሳያዩ ሞት የማያውጁት ኦቦ ኢታና ሰርዳ

ኦቦ ኢታና ሰርዳ ከአባታቸው ከኦቦ ሰርዳ ጫላ እና ከእናታቸው ከአዴ ጉዲኔ ነገራ፣ በወለጋ በጊምቢ አውራጃ፣ ልዩ ስሙ ቡርቃ ጉዳ በተባለው ቀበሌ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ አምስተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ከእህት ወንድሞቻቸው ሁሉ ዘግይተው አፋቸውን የፈቱ እሳቸው እንደነበሩ እናታቸው ይናገሩ ነበር። አንዴ ከጀመሩ በኋላ ግን የሚያስቆማቸው አልተገኘም።

ይህን የምጽፈው እኔ ተርፋሳ ኦላና፣ የባለቤታቸው የአዴ ብልሌ ታናሽ ወንድም ነኝ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው የሕይወት ታሪካቸው በቀብሩ ፕሮግራም ፊተኛ ገጾች ላይ ይገኛል። የአማርኛው ለትራም ሥራ ባልደረቦቻቸውና በየሰልፉ አብረዋቸው ለቆሙ ጎረቤቶቻቸው እንዲሆን ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። "በማይሰማው ቋንቋ ስለ እኔ ሲለቀስ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው አልፈልግም" ብለው ነበር።

ኦቦ ኢታና ፊደል የቆጠሩት በቀበሌያቸው አቅራቢያ በነበረ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃን በነቀምት ተምረው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1968 ዓ.ም. ጊምቢ ከተማ ማስተማር ጀመሩ። በደርግ ዘመን ሁለት ዓመት ታስረዋል። ከእስር ቤት ይዘውት የወጡት ሙያ ሹራብ መሥራት ነው። ዛሬ የሜልበርንን ብርድ ፈርታችሁ ኮፍያ ካደረጋችሁት መካከል ብዙዎቻችሁ የእሳቸውን የእጅ ሥራ ደፍታችኋል።

በ1977 ዓ.ም. ከእህቴ ከአዴ ብልሌ ኦላና ጋር ትዳር መሠረቱ። ሽማግሌ ሲልኩ እናታችን አዴ ደስቴ የጠየቁት ስለ ከብት ወይም ስለ መሬት አልነበረም። "ወሬ ያበዛል ይሉኛል፤ ይዋሻል ወይ?" አሉ። ሽማግሌዎቹ "ኧረ እሱስ አይዋሽም" ሲሏቸው፣ "እንግዲያው ያውራ" ብለው ልጃቸውን ሰጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ውስጥ ክርክር የሚቋጨው "ኢታና እንዲህ ብሏል" በሚል ነበር።

በ1985 ዓ.ም. እንደገና እየተፈለጉ መሆኑን ሲሰሙ ባለቤታቸውንና ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ናይሮቢ ብዙ ፍዳ አይተው በፈረንጆች 1998 ሜልበርን ገቡ። ከዚህ ወዲህ ያለውን ዘመን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

እዚህ መጀመሪያ ሥጋ ፋብሪካ፣ ኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትራም ሹፌር ሆነው ሠርተዋል። አንድ ጊዜ የገዛ ማኅበረሰባችን ሰልፍ መንገድ ዘግቶ የእሳቸውን ትራም አቆመው። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም ኦቦ ኢታና ወንበራቸው ላይ እንዳሉ የሰልፈኛውን ዜማ ተከትለው ደወሉን ይደውሉ ጀመር። አለቃቸው ጠርቶ "ኢታና፣ ደወሉ የተሠራው ሰው ከመንገድ እንዲነሳ ነው እንጂ እንዲጨፍር አይደለም" ቢላቸው፣ "እኔም እንዲነሳ ነው የደወልኩት፤ የእኛ ሰው ሲነሳ እንደዚያ ነው" ብለው መለሱለት። የተጻፈባቸውን ማስጠንቀቂያ በፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቅለውት ነበር።

ከ1999 ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ በማኅበረሰብ ሬዲዮ የአፋን ኦሮሞ ዝግጅት ያቀርቡ ነበር። የታሰሩትንና የጠፉትን ስም በየሳምንቱ ያነባሉ፤ በፓርላማው ደረጃ ላይ ፎቶግራፋቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ የምክር ቤት አባላትን ደጅ ይጠናሉ። "ስሙ ያልተጠራ እስረኛ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል" የሚሉት አባባል ነበራቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን አስጠንቅቀውኛል፤ "ይህችን ዘለህ ካነበብክ ከሳጥኑ ውስጥ ብድግ ነው የምለው" ብለውኛል።

በ2006 መጀመሪያ ላይ እኔ ጊምቢ ከማስተምርበት ክፍል ተወሰድኩ፤ የት እንዳለሁም ለቤተሰቤ የነገረ አልነበረም። በግንቦት ወር አንድ ሰው ወደ ሜልበርን ደውሎ ተርፋሳ ተገድሏል አለ። ሁለተኛ ሰውም ደውሎ ያንኑ አለ። ኦቦ ኢታና ሁለት ምስክር አገኘሁ ብለው አመኑ። ሁለቱም ደዋዮች ወሬውን የሰሙት ከአንድ ሰው መሆኑን፣ ያም ሰው በዓይኑ ያየው ነገር እንደሌለ አላወቁም። በዚያ ቅዳሜ ስሜን ከሙታን ጋር አነበቡ፤ እያነቡም አለቀሱ። በማኅበረሰባችን ማኅበር አዳራሽ ለቅሶ ተቀመጡልኝ፤ ፎቶግራፌ ተለቅ ተደርጎ ታትሞ በሰልፍ ወጣ። ኋላ አይቼዋለሁ፤ ቆንጆ ፎቶ ነው።

ያኔ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እዚህ ያለ ሰው አገር ቤት ደውሎ የስልኩን እጀታ ከሬዲዮው ላይ ያስጠጋ ነበር፤ የአገር ሰው ዝግጅቱን የሚሰማው እንደዚያ ነው። እናታችን አዴ ደስቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሞቴን የሚያወራ ሰው ቢመጣ በዱላ ነበር የሚያባርሩት። የዚያን ቀን ግን ጎረቤት ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው፤ የአማቻቸውን ድምፅ ሰሙ። "ኢታና ካለማ አለቀ" ብለው ዱላቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ እህል በአግባቡ አልቀመሱም፤ ክረምቱ ሳይወጣም አረፉ።

መስከረም ላይ ከእኔ ጋር ታስሮ የተፈታ ሰው በሕይወት መኖሬን ተናገረ። ያን ጊዜ አንድ የማኅበሩ ሰው ኦቦ ኢታናን "ተወው፣ ዝም በል። ይህንን በሬዲዮ ካወጣህ ነገ እውነተኛ ሙታን ስናነብ ማን ያምነናል? ጠላት አይስቅብንም?" ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ቅዳሜን ጠብቀው እንዲህ አሉ፦ "ተርፋሳ ኦላና ሞቷል ያልኳችሁ ሐሰት ነው። ሐሰቱን የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። በዚህ ሐሰት የሞቱት ግን አማቴ አዴ ደስቴ ናቸው።" ከዚያ ቀጥሎ ዘፈን አላስገቡም ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ያየ ሰው ሳያገኙ የማንንም ሞት አላወጁም። ሌሎች ጣቢያዎች ቀድመዋቸው ሲያወሩ "ኢታና ሬሳ ካልዳበሰ አያምንም" እያሉ ያፌዙባቸው፣ "ፈሪ" እያሉም ይሰድቧቸው ነበር። ይሁን እንጂ የሰብአዊ መብት መርማሪዎችና የፓርላማ ሰዎች ስም ለማጣራት ሲፈልጉ የሚደውሉት ለእኚሁ ፈሪ ነበር። እኔም በ2010 ስፈታ፣ ከአቤቱታው ብዛት የተነሳ ስሜን አሳሪዎቼ ሁሉ ያውቁት ነበር። ኦቦ ኢታና ገድለውኛል፤ አስፈትተውኛል። ሁለቱም የእሳቸው ሥራ ነው።

በ2013 እሳቸውና እህቴ ባስገቡልኝ ማመልከቻ ሜልበርን መጣሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ሰው ሁሉ እየተጠመጠመ ሲስመኝ ኦቦ ኢታና ከሰው ኋላ የሻንጣ ጋሪ ይዘው ቆመው ነበር። እኔ ሄጄ ሳምኳቸው፤ እንደ እንጨት ደርቀው ተሳሙልኝ። ቤት ስንደርስ እህቴ ከእናታችን ጓሮ ይዤ የመጣሁትን አንጮቴ፣ የወለጋን ሥራሥር፣ ቀቅላ አቀረበች። ኦቦ ኢታና ጨው አቀበሉኝና ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ። እንዲመጡ ብጣራ፣ "ብሉ፣ እናንተ ብሉ። ደም ያለበት ሰው ከሟች ወገን ጋር እጁን ወደ አንድ ገበታ አይሰድም፤ ጉማ፣ የደም ካሳውና ዕርቁ፣ እስኪወጣ" አሉ። እህቴ ከሳሎን "አንተ ሰውዬ፣ እኔስ የሟች ልጅ አይደለሁም? ከእኔ ጋር እየበላህ አይደል?" አለቻቸው። "አንቺማ ፍርዴ ነሽ" አሏት። ሳቅን። የምንስቅበት ነገር አልነበረም።

ቀልድ አልነበረምና ሽማግሌዎችን ሰብስበው "ጉማ አስወጡልኝ" አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ፊጤ ጎበና በጣም ተቆጡ። "ኢታና፣ ቢላዋ አልመዘዝክ፣ ጥይት አልተኮስክ። ጉማ ለገደለ ሰው ነው። ለምላስ ጉማ የለም" አሏቸው። ኦቦ ኢታና ሲመልሱ፣ "ምላስ የማይገድል ከሆነ አያድንም ማለት ነው። እኛ ታዲያ እዚህ ይህን ሁሉ ዓመት በምላስ ምን ስንሠራ ነበር?" አሉ። ሽማግሌዎቹም ውሳኔውን ለሟች ልጅ፣ ማለትም ለእኔ ተዉት።

እኔም እምቢ አልኩ። ጉማ ከተቀበልኩ "ኢታና አማቱን ገደለ" ብዬ በአደባባይ መመስከሬ ነው፤ ያንን ላለማድረግ ነው እምቢ ያልኩት። "እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ምንም ነገር የለም" እያልኩ በልግስናዬ ስኩራራ ኖርኩ። እሳቸውም እኔ በሄድኩ ቁጥር ከገበታ እየተነሱ ወጥ ቤት ቆመው ይበላሉ፤ ከዚያ ሹራባቸውን ይዘው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጨዋታውን ግን ከዚያው ሆነው ይመሩታል። እህቴ አንድ ቀን "ምንም የለም ማለት ላንተ ቀለለህ። የተሸከመው እሱ ነው። አውርድለት እንጂ አልተሸከምክም አትበለው" አለችኝ። ሰማኋት፤ ነገር ግን አላወረድኩላቸውም።

ለዕርቁ ብለው ባከስ ማርሽ አጠገብ ካለ ገበሬ አንዲት ነጭ በግ ገዝተው እዚያው አስቀምጠው ነበር። ኬቨን የተባለው ገበሬ በየዓመቱ ይደውላል፤ በጓ ወለደች፣ ግልገሏ ወለደች ይላል። ኦቦ ኢታናም "ተርፋሳ እሺ እስኪል በጌ አያት ሆነች" እያሉ ያስቁን ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያን ሳቅ እንዴት እንደሳቅኩት አላውቅም።

ኦቦ ኢታና በዚህ ዓመት መጀመሪያ የጉበት ካንሰር እንደያዛቸው ተነገራቸው። ሕክምናቸውን እየተከታተሉ ሬዲዮውን ለልጃቸው ለኦብሴ አስረከቡ። ሐምሌ ላይ፣ ሰውነታቸው እያለቀ መሄዱን ሳይ፣ ለኦቦ ፊጤ ደውዬ "እሺ፣ ጉማውን እቀበላለሁ" አልኩ። ቀጠሮው በነሐሴ አጋማሽ ለሚውለው ቅዳሜ ተቆረጠ። ስነግራቸው እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱና፣ "ለኬቨን ደውልለት፤ በጓን እንዳይሸጣት" አሉ።

ቅዳሜ አልደረሰልንም። ረቡዕ ወደ ሆስፒታል ገቡ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከንፈራቸው ደርቆ ሳይ ውኃ በማንኪያ ቀድቼ አቀረብኩላቸው። ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው መለሱ፤ "ገና ነው፣ ተርፋሳ። ቅዳሜ ነው" አሉኝ። ማንኪያውን ለኦብሴ ሰጠኋት፤ ከእሷ እጅ ጠጡ። እኔ የማጠጣው ውኃ እንዳይኖረኝ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ለወላጅ ብንደርስ የምናደርገው አንድ ጉንጭ ውኃ ማቅመስ አይደል? እሱን አጣሁት።

ኦቦ ኢታና ሰርዳ ኦገስት 16 ቀን 2024፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ወሬው ወዲያው ተሰማ፤ የሬዲዮው ልጆች ግን በማግስቱ ቅዳሜ ዝግጅቱን ሊጀምሩ ሲሉ ደወሉልኝ። ወጣቱ አቅራቢ፣ "ጋሼ ተርፋሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁላችንም እናውቃለን። ግን የኦቦ ኢታና ደንብ ስለሆነ ነው። በዓይንዎ አይተዋል?" አለኝ። በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። ዓይናቸውንም የከደንኩት እኔ ነኝ አልኩ። እሳቸው ሞቴን ያወጁበት ሬዲዮ የእሳቸውን ሞት በእኔ ምስክርነት አወጀ።

ኦቦ ፊጤና ሽማግሌዎቹ የጉማ ነገር በሞት አይሻርም፣ ወደ ልጅ ይሸጋገራል ብለው ወስነዋል። ስለዚህ ዛሬ ከቀብር ስንመለስ፣ በአዳራሹ ማንም ሰው እህል ከመቅመሱ በፊት፣ ልጃቸው ገመዳ በአባቱ ስም ዕርቁን ይጠይቃል፤ እኔም በእናቴ ስም እቀበላለሁ። የሚቀርበው ከዚያች ነጭ በግ ዘር ነው። ከዚያ በኋላ እኔና ገመዳ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ርቦን ነበር የምትሉ ታገሡን፤ ከእናንተ ይልቅ የታገሡ ሰው ነበሩ።

ኦቦ ኢታና ባለቤታቸውን አዴ ብልሌ ኦላናን፣ ልጆቻቸውን ኦብሴንና ገመዳን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ በአገር ቤት ያሉ ሁለት እህቶቻቸውን፣ ስማቸውን ሲጠሩላቸው ኖረው ዛሬ በነፃነት የሚሄዱ ብዙ ሰዎችን፣ ገናም ያልተፈቱትን ትተው አልፈዋል። በሐዘናችን አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ዋቃ ነፍሳቸውን ይቀበል። አዴ ደስቴ እዚያ ሲያዩዋቸው "ና ቁጭ በል፣ ኢታና" ይበሏቸው፤ ከአንድ ገበታም ያብሏቸው።