ሻንጣውን ይዞ የወረደው አዛዥ

ውድ ወንድሜ ፕሮስፔሮ፣

እዚያ ቦነስ አይረስ እንዴት ከረምህ? ጉልበትህን የሚያምህ ነገር ተሻለህ ወይ? ኤልቪራስ ከአራስ ቤት በደህና ወጣች? ሕፃኑስ በደንብ ይጠባል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እመቤታችን ትመስገን።

በላክኸው ደብዳቤ፣ የሟች ዘመድ ስም ለሕፃን ማውጣት ወጋችን ቢሆንም መርከቧን ጥሎ የሸሸ ሰው ስም ለልጄ አላወጣም ብለሃል። አንጀቴን ቆረጥኸው። የእኔን ልጅ ኢላሪዮን ሸሸ ብሎ ያስወራበት ያ የመርከቧ አዛዥ ራቫስኪዮ ነው።

የእርሱን ጀግንነት ልንገርህ። ጦርነቱ ሲጀመር ሮም ቢሮ ውስጥ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ። ኋላ አማቱ ባለሥልጣን ናቸውና መርከብ አሰጡት። ማዕበል በተነሣ ቁጥር ባልዲ አቅፎ ይተኛ ነበር አሉ። የጠላት ሰርጓጅ መርከብ አገኘሁ ብሎ ያን ሁሉ መድፍ ያስተኮሰው በአሳ ነባሪ ላይ ነው፤ እርሱንም ስቶታል። ለዚሁ ሜዳይ አጠለቁለት። መርከቧ ሲሲሊ አጠገብ ስትመታ ደግሞ ከነሻንጣው በመጀመሪያዋ ጀልባ ወረደ። ለበላዮቹ ግን መርከቧ የሰጠመችው ኢላሪዮ የሞተር ክፍሉን ጥሎ ስለሸሸ ነው አላቸው። ሟች መቼም አይከራከር።

አሁን ደግሞ ሥዕል አሠራ። መቼም ታውቀዋለህ፣ ከባሕር የተረፈ ሰው የዳነበትን ሥዕል አሠርቶ፣ አብረውት የተረፉት ተሸክመውለት ለእመቤታችን ይሰጣል። በዚህኛው ሥዕል እርሱ ጎራዴውን ታጥቆ በምትሰጥመው መርከብ ላይ ቆሟል፤ ልጄ በጀልባ ይሸሻል። ይህ ነገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው አሉኝ።

እሑድ ነጭ የደንብ ልብሱን ግጥም አድርጎ ወደብ ላይ መጣና የተረፉትን መርከበኞች፣ "በሉ ልጆች፣ ሥዕሉን አንሡልኝ" አላቸው። ማንም ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። እንግሊዞች ከውሃ አውጥተው የማረኩትና በዚህ ወር የተፈታው ኒኮሎ ፒፓውን ከአፉ ሳያወጣ፣ "ጌታው፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ። መቅደም ልማድዎ አይደል?" አለው። ወደቡ በሳቅ አውካካ።

ራቫስኪዮ ፊቱ ደም መስሎ ሥዕሉን ብቻውን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ፤ እኛም ተከተልነው። አባ ሰቨሪኖ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው፣ "አብረውህ የተረፉትስ የታሉ?" ቢሉት፣ "ባሕር ላይ ናቸው" አላቸው። ሰዎቹ እኮ ከኋላው ቆመዋል።

ያን ጊዜ ኒኮሎ ባርኔጣውን አወለቀ። "አባ፣ ከኢላሪዮ ጋር የሞተር ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ‹አንተ ልጆች አሉህ፣ ውጣ፤ የውሃውን ፓምፕ እኔ እይዘዋለሁ› ብሎ ገፍቶ አወጣኝ። እሱ እዚያው ቀረ" አለ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባም ሥዕሉን አልቀበልም አሉ፤ ያ ጀግና እንደተሸከመው ቁልቁል ወረደ።

ለኤልቪራ፣ ለአማትህና ለትንሿ ቴሬዛ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የሕፃኑን ግንባር ሳምልኝ። ኢላሪዮ ብትለው ደስታዬ ነው። ሌላ ስም ከወደድህም አልቀየምህም፤ ብቻ ሸሽቷል ብለህ አትተወው።

እህትህ ቴክላ
ካሞሊ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1946